አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር የሆኑት በ1776 አይደለም፦ ለአንድ የታሪክ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ ‹13ቱ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ነጻነታቸውን አውጀው አንድ አገር ሆኑ› የሚል ዓረፍተ ነገር ይዘው ይወጣሉ። ለምን ተባበሩ ብዬ ስጠይቅ ‹እንግሊዝን ስለጠሉ› ይሉኛል። ተለያይተው የኖሩ ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር የሆኑበትን መንገድ ከዚህ ጠለቅ አድርጌ እንዴት ላስተምር? ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፤ ያለኝም ጥቁር ሰሌዳና የመማሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው።»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

ተማሪዎችዎ የያዙት ዓረፍተ ነገር የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት የሚነገረው እንዲሁ ነው፤ ቀረጥ፣ ሻይ፣ ጦርነት፣ የነጻነት አዋጅ፣ ከዚያ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆነ። በአዋጁና በዋሽንግተን ቃለ መሐላ መካከል ግን 13 ዓመት ገደማ አለ፤ ከ1776 እስከ 1789 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። እርስዎ የሚፈልጉት መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ እንግሊዝን መቃወም 13ቱን በአንድ ጊዜ አስነሣቸው እንጂ አንድ አገር አላደረጋቸውም። አንድ አገር የሆኑት በየደረጃው እምቢ የሚል እየተነሣ፣ እምቢ ያለውም በክርክር፣ በድርድር ወይም በጫና እሺ እያለ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በእምቢታዎቹ በኩል ያስኪዱት። በየክፍለ ጊዜው ሰሌዳው ጥግ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፈው ይተዉ፦ እምቢ ያለው ማን ነው? ለምን? ምን ሲያገኝ ወይም ምን ሲፈራ እሺ አለ? ተማሪው እነዚህን ይዞ ከተከተለዎት «ስለጠሉ» የሚለው መልስ በራሱ ጊዜ ያጥርበታል።

መጀመሪያ ግን መለያየታቸው በደንብ ይታየው። ቨርጂኒያን በ1607 ጄምስታውን ላይ የቆረቆራት ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ ነው። ማሳቹሴትስን የመሠረቷት በእምነታቸው ምክንያት እንግሊዝን ለቀው የወጡ ፒዩሪታኖች ናቸው። ሮድ አይላንድን ደግሞ በ1636 የጀመራት ከዚያችው ከማሳቹሴትስ በእምነት አቋሙ የተባረረው ሮጀር ዊሊያምስ ነው። ፔንስልቬኒያን ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1681 ለዊሊያም ፔን በቻርተር (በንጉሣዊ የመብት ሰነድ) ሰጡት። የመጨረሻዋ ጆርጂያ የተቆረቆረችው በ1733 ነው፤ ከጄምስታውን 126 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እያንዳንዷ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ሕግ፣ የራሷ ነጋዴዎች ነበሯት። ብዙዎቹ ከጎረቤታቸው ይልቅ ከለንደን ጋር ይገበያዩ ነበር። ፔንስልቬኒያና ሜሪላንድ በወሰን ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ በመጨረሻ ከ1763 እስከ 1767 ቻርልስ ሜሰንና ጀርማያ ዲክሰን የሚባሉ ሁለት ቀያሾች መስመሩን አስምረው ነው የገላገሏቸው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ተማሪ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፣ ቀድመው ግልጽ ያድርጉት። እኛ ቅኝ ግዛት ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው የአፍሪካ ታሪክ ነው፤ ባዕድ መጥቶ የአገሬውን ሰው ሲገዛ። በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝ ላይ የተነሡት በአብዛኛው ራሳቸው ከእንግሊዝና ከሌላው አውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ናቸው። መሬቱ የተወሰደበት የአገሬው ሕዝብ ሌላ ነው፤ ከአፍሪካ በግድ ተግዘው በባርነት የተያዙት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ይህን ሦስትዮሽ በመጀመሪያው ቀን ካላስጨበጡ፣ በኋላ በሕገ መንግሥቱ መግቢያ ላይ የሚመጣው «እኛ ሕዝቡ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያቅፍና ማንን እንደሚያስቀር ተማሪው አይገባውም።

ሌላም ልጨምርልዎት፤ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ክርክር የሚያስነሣ ጥያቄ ነው። ለምን 13 ብቻ? እንግሊዝ በዚያ አካባቢ ከ13 በላይ ቅኝ ግዛት ነበራት። ኩቤክ፣ ኖቫ ስኮሺያ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ፍሎሪዳ፣ በካሪቢያን ባሕር ደግሞ ጃማይካና ባርቤዶስ። ኩቤክን በ1774 በደብዳቤ ጋብዘዋታል፤ አልመጣችም። በኋላ የወጣው የኮንፌዴሬሽን ውል ሳይቀር ካናዳ ከፈለገች ያለ ተጨማሪ ድምፅ እንድትገባ በሩን ክፍት ትቶላት ነበር። የጃማይካ የስኳር እርሻ ባለቤቶች በባርነት የያዙት ሕዝብ ከነሱ ቁጥር እጅግ ይበልጥ ስለነበር የእንግሊዝ ጦር ጥበቃ ያስፈልጋቸው ነበር። ተማሪው ይህን ሲሰማ የ13ቱ አንድነት ከጥንት የተጻፈ ዕጣ አለመሆኑን ያያል፤ አብሮ መሄድ የሚያዋጣው ሄደ፣ የማያዋጣው ቀረ።

ከዚያ ወደ 1754 ይሂዱ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሊጀመር ሲል የሰባት ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች አልባኒ ላይ ተሰበሰቡ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም የጋራ መከላከያ የሚያደራጅና ግብር የሚጥል አንድ ምክር ቤት ይቋቋም የሚል ዕቅድ አቀረበ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጋዜጣው ላይ ያወጣው ሥዕል ለሰሌዳ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ስምንት ቦታ የተቆራረጠ እባብ፣ ከሥሩ «ተባበሩ ወይም ሙቱ»። ይሳሉት፣ በየቁራጩ ላይ የግዛቶቹን ምኅጻር ይጻፉ። ከዚያ ተማሪዎቹ የትኞቹ እንደጎደሉ ይፈልጉ፤ ጆርጂያና ዴላዌር የሉም፣ የኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስን የመሰሉ የሰሜን ምሥራቅ) ግዛቶች በአንድ ራስ ተጠቅልለዋል። ቀጥለው የዕቅዱን ዕጣ ይንገሯቸው። ዕቅዱን የተቀበለ አንድም የቅኝ ግዛት ምክር ቤት አልነበረም፤ ግብር የመጣል ሥልጣናቸውን ለማንም ማካፈል አልፈለጉም። ለንደንም አልወደደችውም። የመጀመሪያው እምቢታ ይህ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ይመዝገብ።

ከ1765 እስከ 1775 ያለውን መጽሐፉ በደንብ ስለሚሸፍነው እኔ ብዙ አልቆይበትም። አንድ ነገር ብቻ ያጉሉ፤ ሕጎቹን ከመዘርዘር ይልቅ ቅኝ ግዛቶቹ አብሮ የመሥራት ልማድ ያዳበሩበትን ዘዴ ያሳዩ። የቴምብር ሕጉን ለመቃወም በ1765 ኒው ዮርክ ላይ ዘጠኝ ግዛቶች ተገናኙ። ከ1772 ጀምሮ በቦስተን፣ በቀጣዩ ዓመት በቨርጂኒያ አነሳሽነት ደግሞ በግዛቶች መካከል፣ ደብዳቤ የሚጻጻፉ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። በታኅሣሥ 1773 ተቃዋሚዎች ቀረጥ ያለበትን ሻይ ቦስተን ላይ ባሕር ውስጥ ከጣሉት በኋላ እንግሊዝ የቦስተንን ወደብ ስትዘጋ፣ ከደቡብ ካሮላይና ሩዝ፣ ከኮነቲከት በግ ተልኮላቸዋል። ቦስተንን አይቶ የማያውቅ ገበሬ ለቦስተን እህል ሲልክ፣ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ሥራ ተሠራ። በሰኔ 1775 ደግሞ በአብዛኛው የኒው ኢንግላንድ ሰዎች የሞሉበትን ጦር እንዲመራ የቨርጂኒያው ዋሽንግተን ተሾመ። ያን ሹመት የጠቆመው የማሳቹሴትሱ ጆን አዳምስ ነው፤ ደቡቡ በጦርነቱ ውስጥ እንዲገባ የታሰበበት ምርጫ ነበር።

በ1774ቱ የመጀመሪያ ኮንግረስ (የግዛቶቹ ተወካዮች የጋራ ጉባኤ) ላይ ግን ቆም ይበሉ፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን የተረፈ አንድ ንግግር አለ። የቨርጂኒያው ፓትሪክ ሄንሪ ተነሥቶ «እኔ ቨርጂኒያዊ ሳልሆን አሜሪካዊ ነኝ» አለ፤ ይህን የምናውቀው አዳምስ በያዘው ማስታወሻ ነው። ተማሪ ይህን ሲሰማ አገር ወዳድነት ብሎ ይጽፈዋል። እርስዎ ግን ንግግሩ የተደረገበትን አጀንዳ ይንገሯቸው። ክርክሩ እያንዳንዱ ግዛት እኩል ድምፅ ይኑረው ወይስ እንደ ሕዝቡ ብዛት የሚል ነበር። ሄንሪ በብዛት ይሁን ባይ ነው። በሕዝብ ብዛት አንደኛዋ ማን ነበረች? ቨርጂኒያ። ጉባኤው ግን የየግዛቱን ብዛት የሚያረጋግጥበት መረጃ ስላልነበረው ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ሰጠ። አሁን ይኸው ሰው ከ14 ዓመት በኋላ የት እንደቆመ ያሳዩአቸው። በ1788 የቨርጂኒያ ጉባኤ አዲሱን ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ ሲሰበሰብ ዋናው ተቃዋሚ ሄንሪ ነበር፤ «እኛ ሕዝቡ» ለማለት ማን ሥልጣን ሰጣቸው፣ ለምን «እኛ ግዛቶቹ» አላሉም ሲል ሞገተ። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን ጽፈው «ሰውየው ተለወጠ ወይስ ሁልጊዜም የሚከላከለው አንድ ነገር ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ አንድ ትክክለኛ መልስ የለውም፤ ጥሩ የታሪክ ጥያቄ የሚሆነውም ለዚያ ነው። ሰውየውን አስመሳይ አድርጎ መደምደም ግን ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ተማሪዎቹ እዚያ ላይ እንዳያርፉ ይጠብቋቸው። በ1774 የተፈራው ሥልጣን ለንደን ነበር፤ በ1788 የተፈራው ገና ያልተወለደው የራሳቸው መንግሥት ነው።

የ1776ቱ አዋጅ ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። ሐምሌ 2 ቀን ድምፅ ሲሰጥ 12 ግዛቶች ደገፉ፣ ኒው ዮርክ ለተወካዮቿ ከግዛታቸው ፈቃድ ስላልመጣላቸው ድምፅ አልሰጠችም፤ የተስማማችው ከሳምንት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ አዋጁ የሚያውጀው የነጻ ግዛቶችን መወለድ ነው፣ በብዙ ቁጥር። ጦርነቱን የዘጋው፣ በ1783 የተፈረመው የፓሪስ ውልም የመጀመሪያው አንቀጹ ላይ 13ቱን ግዛቶች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። አዳምስ በእርጅናው ይህን ጊዜ ሲያስታውስ 13 ሰዓቶች በአንድ ቅጽበት እንዲደውሉ ተደረጉ ብሎ ጽፏል። አብረው ደወሉ፤ ሰዓቶቹ ግን አሁንም 13 ነበሩ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለዚህ ይስጡ፣ ከሌላው ላይ ቢቀንሱም አያሳስብዎት።

የመጀመሪያው የጋራ ሕጋቸው የኮንፌዴሬሽን ውል ነው። ኮንግረሱ በኅዳር 1777 አጸደቀው፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን በመጋቢት 1781 ነው። ሦስት ዓመት ከምናምን ያቆየችው ሜሪላንድ ናት። ምክንያቷ መሬት ነው። ቨርጂኒያና ሌሎች አንዳንድ ግዛቶች የድሮ ቻርተራቸውን እያነሡ እስከ ሚሲሲፒ ወንዝና ከዚያም ወዲያ ያለው መሬት የእኛ ነው ይሉ ነበር። ወሰኗ የተቆረጠው ሜሪላንድ፣ እነዚህ መሬት እየሸጡ ዕዳቸውን ሲከፍሉ እኔ ሕዝቤን በግብር አስጨንቄ ልቀር ነው አለች። ቨርጂኒያ ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ያለውን ይዞታዬን ለጋራ እለቃለሁ ብላ ስታሳውቅ ሜሪላንድ ፈረመች። በዚህ መንገድ 13ቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋራ ሀብት አገኙ። ይህ መሬት በ1787 በወጣው ሕግ ወደፊት አዳዲስ ግዛቶች እንዲወጡበት፣ እነሱም ከቀድሞዎቹ ጋር እኩል እንዲሆኑ፣ ባርነትም እንዳይፈቀድበት ተወሰነ። መሬቱ ላይ የሚኖሩትን ነባር ሕዝቦች የጠየቀ አልነበረም።

ውሉ ለኮንግረሱ የሰጠው ሥልጣን ትንሽ ነበር። ጦርነት ማወጅና ከውጭ አገር ጋር መዋዋል ይችላል፤ ግብር መጣል አይችልም፣ በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ መቆጣጠር አይችልም፣ ፕሬዚዳንትም ፍርድ ቤትም የለውም። ትልልቅ ውሳኔዎች የ9 ግዛት ድምፅ ይፈልጋሉ። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ 13ቱም መስማማት አለባቸው። የመጨረሻውን ሕግ አፍ አውጥቶ ማስረዳት በቂ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሞክሩት።

እንዲህ ያድርጉ። ክፍሉን በየወንበር ረድፉ 6 ቦታ ይክፈሉ፦ ቨርጂኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ዮርክ፣ ሜሪላንድ፣ ሮድ አይላንድ፣ ደቡብ ካሮላይና። 13 ማድረግ አያስፈልግም፣ ጊዜ ይበላል። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ አንድ መስመር ሁኔታ ይጻፉ። ቨርጂኒያ ሕዝብ አላት፣ መሬት አላት። ማሳቹሴትስ ከባድ የጦርነት ዕዳ አለባት። ኒው ዮርክ ወደቧ ላይ ከምትሰበስበው ቀረጥ ትኖራለች፤ ወደ ኒው ጀርሲና ወደ ኮነቲከት የሚያልፈው የውጭ ዕቃም ለሷ ይከፍላል። ሮድ አይላንድ ትንሽ ናት፣ እሷም በወደብ የምትኖር ናት። ደቡብ ካሮላይና በባሪያ ጉልበት ሩዝ ታመርታለች። ሜሪላንድ ጎረቤቷን ትፈራለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ፦ ኮንግረሱ ወታደሮቹን የሚከፍልበትና ለፈረንሳይ ያለበትን ብድር የሚመልስበት ገንዘብ የለውም፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ይጣል? አሥር ደቂቃ ይስጧቸው፣ ከዚያ ድምፅ። ደንቡ፣ አንድ ረድፍ እምቢ ካለ ነገሩ ወደቀ።

ይወድቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት ኒው ዮርክና ሮድ አይላንድ የሆኑት ልጆች ናቸው፣ ማንም ሳይነግራቸው። የቀሩት ይናደዱባቸዋል። ንዴቱ ሳይበርድ እውነተኛውን ታሪክ ይንገሩ፦ በ1782 ይህንኑ የ5 በመቶ ቀረጥ ሐሳብ ውድቅ ያደረገችው ሮድ አይላንድ ብቻዋን ናት። በቀጣዩ ዓመት ተሻሽሎ ሲመጣ ደግሞ ውሎ አድሮ ኒው ዮርክ ቀበረችው። በሰኔ 1783 ደሞዝ ያልተከፈላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ፊላዴልፊያ ውስጥ የጉባኤውን ቤት ስለከበቡት፣ እንግሊዝን ያሸነፈችው አገር ኮንግረስ ከተማዋን ለቅቆ ወደ ፕሪንስተን ሄደ። ተማሪው ይህን በጽሑፍ ቢያነበው ይረሳዋል። ራሱ ጎረቤቱን «እሺ በል እንጂ» ብሎ ለምኖ ከወደቀበት በኋላ ሲሰማው ግን አይረሳውም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሌላ ችግር ያምጡ። ማሳቹሴትስ ዕዳዋን ለመክፈል በገበሬው ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ከባድ ግብር ጣለች፤ ምዕራቡ ያለ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ የለውም፣ ፍርድ ቤት መሬቱን ይወስድበታል። በ1786 ገበሬዎቹ፣ ብዙዎቹ የነጻነቱ ጦርነት ዘማቾች፣ ፍርድ ቤቶቹን ከበው አዘጉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ዳንኤል ሼይስ የቀድሞ የጦር መኮንን ነበር። በጥር 1787 ስፕሪንግፊልድ ያለውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ለመያዝ ሲሞክሩ ተተኮሰባቸው፤ አራት ሰው ሞተ። ኮንግረሱ ጦር ለማሰማራት ገንዘብ አልነበረውም፤ አመፁን ያፈነው ጦር የተደራጀው የቦስተን ባለ ሀብቶች ባዋጡት ብድር ነው። ይህ ዜና ደርሶ ንብረት ያላቸውን ሰዎች ሁሉ አስደነገጠ። ከወራት በፊት በመስከረም 1786 አናፖሊስ ላይ ስለ ንግድ ለመነጋገር ጉባኤ ሲጠራ የመጡት የ5 ግዛት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በግንቦት 1787 ፊላዴልፊያ ላይ ሲጠራ 12 ግዛቶች ተወካይ ላኩ። ሮድ አይላንድ አሁንም ቀረች። በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል ምን ተፈጠረ ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሙሉ በሙሉ ሼይስ አይደለም፤ ግን ያለ ሼይስ መልሱ አይሞላም።

አዲሱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን የፊላዴልፊያ ጉባኤ ዝርዝር መጽሐፉ ስላለው እኔ ሁለት ነገር ላይ ብቻ አተኩራለሁ። አንደኛው፣ ከ1774 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣው የድምፅ ጥያቄ ነው። ትልልቆቹ በሕዝብ ብዛት፣ ትንንሾቹ እኩል። ሐምሌ 16 ቀን በአንድ ግዛት ድምፅ ብልጫ፣ 5 ለ4፣ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ሌላው በእኩልነት እንዲሆን ተስማሙ። ማሳቹሴትስ ተከፋፍላ ድምፅዋ ሳይቆጠር ቀረ። ሁለተኛው ባርነት ነው። በሕዝብ ብዛት ከሆነ በባርነት የተያዘው ሰው ይቆጠራል ወይ? ደቡቦቹ ይቆጠር አሉ፤ ድምፅ ሊሰጡት ሳይሆን በሱ ስም ብዙ ወንበር ለማግኘት። ሰሜኖቹ አይሆንም አሉ። ከአምስቱ ሦስቱ እንዲቆጠር ተስማሙ። የባሪያ ንግድም እስከ 1808 በኮንግረሱ እንዳይከለከል ተደረገ፤ አምልጦ ወደ ሌላ ግዛት የሄደም እንዲመለስ ተጻፈ። በ1790 በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ከ3.9 ሚሊዮን ሕዝብ 700 ሺህ የሚያህለው በባርነት ሥር ነበር። ጆርጂያና ደቡብ ካሮላይና ለመግባት የጠየቁትን ዋጋ የከፈለው ይህ ሕዝብ ነው፤ ጉባኤው ውስጥ አንድም ወኪል አልነበረውም። እባክዎ ይህን «አሳዛኝ ገጽታ» ብለው መጨረሻ ላይ አይለጥፉት። የስምምነቱ አካል ነውና በስምምነቱ መካከል ይገኝ።

የአገሬው ሕዝብም እንዲሁ። የሰሜን ምሥራቁ የስድስቱ ነገዶች ኅብረት ከሰፋሪዎቹ በፊት የተቋቋመ ነው። ተወካያቸው ካናሳቴጎ በ1744 ላንካስተር ላይ ለቅኝ ግዛቶቹ ባለ ሥልጣናት እንደ እኛ ተባበሩ ብሎ መክሯቸው ነበር፤ ያን ንግግር አትሞ ያሠራጨው ፍራንክሊን ነው። የነጻነቱ ጦርነት ሲመጣ ኦናይዳዎችና ብዙዎቹ ቱስካሮራዎች ከአሜሪካኖቹ፣ ሞሃውኮችና ሌሎቹ ከእንግሊዝ ጋር ቆሙ፣ ወንድማማቾች ተዋጉ። 13ቱ ሲሰባሰቡ ስድስቱ ተሰነጠቁ። ይህን በአንድ ሰሌዳ ላይ ማሳየት ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለማጽደቁ ሂደት ይተዉት። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በነሐሴ ሲዘጋጅ መግቢያው 13ቱን ግዛቶች በስም እየዘረዘረ «እኛ የእነዚህ ግዛቶች ሕዝብ» ይል ነበር። በመስከረም የመጨረሻውን ጽሑፍ ያረቀቀው ኮሚቴ ስሞቹን አወጣቸው። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በጣም ተራ ነው፤ 9 ግዛት ካጸደቀው ሥራ ላይ ይዋል ስለተባለ፣ የትኞቹ 9 እንደሚሆኑ ማንም አያውቅም ነበር። እዚህ ጋ ተማሪ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል፤ ከ13 ወደ 9 መውረዱ ራሱ ከሮድ አይላንድ የተማሩት ነው።

አሁን ሒሳብ ያሠሯቸው። ሰሌዳው ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ ማሳቹሴትስ 187 ለ168፣ ቨርጂኒያ 89 ለ79፣ ኒው ዮርክ 30 ለ27፣ ሮድ አይላንድ 34 ለ32። ጥያቄው፣ በእያንዳንዱ ስንት ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር? ማሳቹሴትስ 10፣ ቨርጂኒያ 6፣ ኒው ዮርክ 2፣ ሮድ አይላንድ 2። በድምሩ 20 ሰው። እውነት ነው፣ ኒው ሃምፕሻየር በሰኔ 1788 ዘጠነኛዋ ሆና ስለፈረመች ሕጉ በወረቀት ጸድቆ ነበር፤ ግን ያለ ቨርጂኒያና ያለ ኒው ዮርክ ካርታው ሦስት ቦታ ይቆረጥ ነበር። ካርታውን ያሳዩአቸው፣ ራሳቸው ይቁረጡት።

ማሳቹሴትስን ያሻገራት «አጽድቀን ማሻሻያ እንጠይቅ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ በ1791 የጸደቁት አሥሩ የመብት ማሻሻያዎች የተወለዱት ከተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹን እንደ ተሸናፊ አያቅርቧቸው። ሰሜን ካሮላይና የመብት ዝርዝር ካልገባ ብላ በ1788 ሳታጸድቅ ተበተነች፤ የገባችው በኅዳር 1789 ነው። ሮድ አይላንድ ጉዳዩን በ1788 ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ ሕዝቡ በከፍተኛ ብልጫ ጣለው። ዋሽንግተን ሚያዝያ 30 ቀን 1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽም እነዚህ ሁለቱ ከአገሩ ውጭ ነበሩ። በግንቦት 1790 የአሜሪካ ሴኔት ከሮድ አይላንድ ጋር ንግድ የሚያቋርጥ ሕግ አሳለፈ፤ ፕሮቪደንስ ከተማ ከግዛቷ ተለይታ ለብቻዋ ለመግባት ዛተች። በወሩ መጨረሻ ሮድ አይላንድ በ2 ድምፅ ልዩነት ገባች። ሦስተኛውን የሰሌዳ ጥያቄ እዚህ ይመልሱበት፤ ምን ሲፈራ እሺ አለ? ፈቃድና ጫና በአንድ ውሳኔ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ተማሪዎችዎ የራሳችንን ነገር ማንሣታቸው አይቀርም። የእኛ የ1995 ሕገ መንግሥት መግቢያ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል፤ ሄንሪ የጠየቀው ጥያቄ እኛም ዘንድ ሕያው ነው። ጥያቄውን አያፍኑት፣ ግን የአሜሪካን ታሪክ ለእኛ ፍርድ እንዲሰጥ አያድርጉት። እነሱ 13 የተለያዩ መንግሥታት ሆነው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው የጀመሩት፤ እኛ የመጣንበት መንገድ ሌላ ነው። ጥያቄውን ያወዳድሩ፣ መልሱን አያበድሩ። «ውሉን የፈረመው ማን ነው? ያልተጠየቀውስ?» የሚለው ለሁለቱም ይሠራል። ክርክሩ ከጋለ ወደ ሮድ አይላንድ ይመልሷቸው፤ ሩቅ ስለሆነች በሰከነ ስሜት ለማሰብ ይረዳል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ «13ቱ ቅኝ ግዛቶች ለምን ተባበሩ?» ብለው አይጠይቁ። እንዲያ ከተጠየቀ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጽፎ ነጥብ የሚጠብቅ ተማሪ ይበዛል። ይልቅስ «ሜሪላንድ በ1778፣ ኒው ዮርክ በ1786፣ ሮድ አይላንድ በ1788 እምቢ ያሉት ለምንድን ነው? ከሦስቱ አንዱን መርጠህ አስረዳ፣ እምቢታው ለኋላው አንድነት ምን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ አሳይ» ይበሉ። ከአሥር የሚታረም ከሆነ ምክንያቱን በትክክል ላስረዳ 4፣ ያን ምክንያት ከዕዳ፣ ከመሬት ወይም ከወደብ ጋር ላያያዘ 3፣ በኋላ ላመጣው ለውጥ 3። እምቢ ያለችውን ግዛት «ራስ ወዳድ» ብሎ ብቻ ላለፈ ከ4 በላይ አይስጡ፤ የራሷን ስሌት አላሳየምና።